ዋቢ

ፑንታ አሬናስ ላይ፣ ከባሕር ሰርጡ ዳር፣
ነፋስ ሲበረታ ሰው ሽቅብ እንዳይበር
በየመንገዱ ጥግ ገመድ ይወጠራል፤
መንገደኛ ሁሉ እሱን ይዞ ያልፋል።
ኤድቪና ኦያርሶ እጇ ቀልቶ ገባች፣
ካፖርቷን ሰቀለች፣ ኮምፒውተር ከፈተች።

ሐሙስ ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ፣ ሃያ ሦስት ሰው፤
የዛሬው ትምህርት «መረጃ እንዴት ይፈለጋል» ነው።
ፕሮጀክተሩ ግን ሰማያዊ ብቻ ያሳያል፤
ሉቦ ከምድር ቤት ተጠርቶ ሽቦ ይነካካል፣
«ትናንት ደኅና ነበር» ይላል፣
በሽተኛ እንደከፋበት ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል።

ማይቴ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች፤
ስለ ሸርጣን አጥማጆች ጽሑፍ ጀምራለች።
«አንድ መጽሐፍ» አለች፣ «ካታሎጉ ላይ የለም፤
ደራሲው ይኸውና፣ ዓመቱም፣ ገጹም፤
ስልኬ ነው የሰጠኝ። ስህተት አይመስለኝም፣
እንዲህ አሳምሮ የሚዋሽ የለም።»

ኤድቪና አልሳቀችም።
በስሙ ፈለገች፣ በርዕሱ ፈለገች፣
የሳንቲያጎን ቋት፣ የማድሪድን ቋት አራገፈች፤
እፍኝ እንኳ አልወጣም።
«ተነሡ» አለች። ሉቦን ከነሽቦው ትተው
ሦስተኛ ፎቅ ወጡ፤ አሳንሰሩ የቆመ ነው።

ስድስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ነጥብ አምስት።
የማይቴን ሌባ ጣት ይዛ፣ በዝግታ፣
በሁለት መጻሕፍት መሐል አስገባችው።
«ቢኖር ኖሮ ቦታው ይኼ ነበር» አለች።
ጣቷ አቧራ ነካ። ከአቧራው ወዲያ ቀዝቃዛ ብረት።

አማርኛ አታውቅም እንጂ ኤድቪና፣ ብታውቅ ኖሮ
አንድ ቃል ይበቃት ነበር።
ዋቢ፦ ከመጽሐፍ ጀርባ በተርታ የሚደረደረው፣
ዋቢ፦ ከዳኛ ፊት ስለ ሰው ብሎ የሚቆመው።
ቢጠሩት የማይመጣ፣ ቤቱ የማይታወቅ
ዋስ ጠርቶ የተሟገተ፣ ሲፈረድበት ነው የሚያውቅ።

«እና ማሽኑ ዋሸ?» አለ አንድ ቀጭን ልጅ።
ዝም አለች፤ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ፣ መነጽሯ በእጅ።

«ማሽኑን ተዉት። እኔም ወልጃለሁ።
ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣
ሌሊት ነው፣ ነፋሱ መብራት ያጠፋል፣ ጣቴ ደንዝዟል፤
የአንዱን ካርድ ስም ለሌላው ርዕስ ሰጠሁ።
የበግ ሐኪም የጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ ተወለደ፣
ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያላተመው።
በስምንት ዓመቱ አገኘሁት። አላጠፋሁትም።
መጀመሪያ አፍሬ ነው፤ ኋላ ግን ልቤ ሳሳለት።
አራት ሰዎች ሊዋሱት መጥተው ጠይቀውኛል፤
አንዱ ሳያየው ጠቅሶት፣ ዶክተር ተብሎበታል።»

ሳቁ። እሷም ሳቀች፣ ትንሽ ዘግይታ።

ሲወርዱ ግድግዳው በርቷል፣ ሉቦ ሄዷል።
ያን ገጽ ከፈተችላቸው፤ ስም፣ ርዕስ፣ ቁጥር፣ ሁሉም ተሟልቷል።
«ሐሰት መሆኑን ነግሬያችኋለሁ» አለች፤
«እኔንም አትመኑኝ። ማስረጃ አምጡልኝ።»

አንዷ የሐኪሙን መቃብር አገኘች፤
መጽሐፉ ሳይታተም አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ ሞቷል።
ቀጭኑ ልጅ ማተሚያ ቤቱን በስልክ ጠራ፣ ማንም አላነሣም።
ማይቴ ብቻዋን፣ ከጽሑፏ ግርጌ
አንድ መስመር ሰረዘች፤
ቆየት ብላ፣ ሁለተኛ።

በሩ ላይ «አሁንስ ያጠፉታል?» ብላ ጠየቀቻት።
«ለሚመጣው ሐሙስ ያስፈልገኛል።»

ውጭ ነፋሱ አልበረደም።
ማይቴ ገመዱን ከመያዟ በፊት ሁለቴ ሳበችው፣
አባቷ ወጥመዱን ከባሕር ሲያነሣ እንደሚያደርገው፤
ከዚያ ጨበጠችው።